ከአውራ ጣት ስለሚጀምር መንቀጥቀጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)

ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ከኛ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ዘምረዋል፤ ግጥም አንብበዋል፤ የእግር ኳስ ቡድናችንም ዋንጫውን ተሸክሞ ሜዳውን ዞሯል። እኛ ግን የቀረብነው ስለ በሽታ ልንናገር ስለሆነ ከመካከላችሁ «ምነው በበዓል ቀን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ርእሰ መምህራችንም የንግግራችንን ርእስ ባቀረብንላቸው ጊዜ ይህንኑ ጠይቀውን ነበር። የሰጠናቸው መልስ አጭር ነው። ትምህርት ቤታችን በነዚህ ዓመታት ያስተማራቸውን ልጆች ቈጥረን ስንኰራ፥ ወንበሯን ትታ ልትቀር የነበረችውን አንዲት ጓደኛችንን ሳናነሣ ብንቀር በዓሉ ሙሉ አይሆንልንም አልናቸው። እርሳቸውም ፈቀዱልን።

ስሟን አንጠራም። እርሷ እዚሁ ከኛ ጋር ተቀምጣለች፤ ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን እንዳናነሣ ለምናናለች። የምታውቋትም ዞራችሁ እንዳታዩአት አደራ እንላለን።

ጓደኛችን ከቡሌ ደጋ መጥታ ዲላ ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጃገረዶች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ነች። እንደ ብዙዎቻችን ዐርብ ማታ ወደ ቤተ ሰቦቿ ወጥታ እሑድ የሳምንቱን ቆጮ ይዛ ትመለሳለች። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፥ ቀይ ቡና ከየማሳው ተለቅሞ በየአልጋው ላይ በሚሰጣበት ሰሞን፥ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀምጠን ሳለ የግራ እጇ አውራ ጣት ብቻውን ይዘል ጀመር። አጠገቧ የነበርነው «ተይ እንጂ፥ ጠረጴዛውን አታነቃንቂው» አልናት። እርሷ ጣቷን የሌላ ሰው ጣት እንደሆነ አድርጋ ትኵር ብላ እየተመለከተች «እኔ አይደለሁም» አለች። በመልሷ ሳቅን። መምህሩም ጨዋታ መስሏቸው ተቈጡ። ወዲያው ጣት የነበረው ነገር መዳፍ ሆነ፤ ከመዳፍ ወደ ክንድ፥ ከክንድ ወደ ትከሻ ወጣ፤ የአፏ የግራ ጫፍ ተጣመመ፤ ከዚያ በኋላ ከወንበሯ ወደቀች።

ቀጥሎ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን ንግግራችን ያለ እርሱ ዋጋ የለውም። አንዱ የሚንቀጠቀጠውን ክንድ ባለ በሌለ ኀይሉ ተጭኖ ያዘ። ሌላው ምላሷን እንዳትውጥ ብሎ በጥርሶቿ መካከል ማስመሪያ አስገባ። ሦስተኛው ወደ ዘበኛው ቤት ሮጦ ክብሪት አመጣና ጭሮ ጭሱን አሸተታት። የቀሩት «አረፋው ይጋባል!» እያሉ በበር በኩል ተጋፍተው ወጡ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቈይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ። አንድ የፊት ጥርሷ በማስመሪያው ተሸረፈ። ግራ እጇ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሊነሣላት አልቻለም፤ በዚህም ምክንያት ከመምሸቱ በፊት «እገሊት ሰይጣን መትቷት ሽባ ሆነች» የሚለው ወሬ ከገበያው አልፎ መናኸሪያ ደረሰ።

በማግስቱ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። አብረዋት የተከራዩትም ልጆች ፈሩ። በሳምንቱ አባቷ መጥተው ዕቃዋን አሸክመው ወሰዷት። ከዚህም የከፋው በሦስተኛው ሳምንት ቡና ስትቈላ ያው መንቀጥቀጥ መጣባትና ግራ እጇ ከምድጃው ገባ። ይህን ስንሰማ የባዮሎጂ መምህራችንን «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «እናንተ የሳይንስ ክበብ አይደላችሁም እንዴ? ሂዱና መርምሩ» አሉን። መጻሕፍት አነበብን፤ በከተማችን ያሉ ሐኪሞችንና ነርሶችንም ጠየቅን። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ያን ጊዜ ያገኘነውን ነው። ለምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የወሰድነው የኤውሮፓውያንን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

የሚጥል በሽታ ከአንጐል የሚነሣ መሆኑን የጥንት ግሪኮች ሐኪም የሂፖክራጥስ ወገኖች ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ጽፈውታል። ሆኖም ከአንጐል ከየትኛው ስፍራ እንደሚነሣ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ በትክክል የሚናገር አልነበረም። በዚያ ዘመን በለንደን ከተማ ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የሚባል፥ ከ1835 እስከ 1911 የኖረ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ሌሎች «ጣለው» ብለው በሚያልፉት ነገር ላይ ዐይኑን ተከለ። ከየት ጀመረ? ወዴት ሄደ? በየት አለቀ? ብሎ እየጠየቀ ሕሙማኑን በትዕግሥት ሲመለከት፥ በአንድ ወገን ብቻ የሚጀምረው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ስፍራ እንደሚነሣ አስተዋለ፤ እነርሱም የአውራ ጣትና የሌባ ጣት አካባቢ፥ የአፍ ጫፍና ትልቁ የእግር ጣት ናቸው። ከዚያም እሳት በደረቅ ሣር ላይ ከጎን ወደ ጎን እንደሚያልፍ፥ መንቀጥቀጡ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ከጣት ወደ ክንድ፥ ከክንድ ወደ ፊት ይጓዛል። ጃክሰን ከዚህ ተነሥቶ፥ በአንጐል ላይ ጣት፥ ክንድና ፊት ተራ በተራ ጎረቤት ሆነው የተሰለፉበት ስፍራ መኖር አለበት ሲል ደመደመ። እኛን እጅግ የገረመን አንጐሉን ሳይከፍት ጣትን በማየት ብቻ ይህን ማወቁ ነው።

በ1870 ፍሪችና ሂትሲግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የውሻን አንጐል በደካማ ኤሌክትሪክ ሲነኩ፥ በተነካው ስፍራ አንጻር ያለው እግር ሲንቀሳቀስ አዩ። ቈይቶም በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሕሙማኑን ሳያስተኛ፥ የራስ ቅላቸውን ቆዳ ብቻ አደንዝዞ አንጐላቸውን እየነካ «አሁን ምን ተሰማህ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። (አንጐል ራሱ ሲነካ አያምም፤ ይህን ስናነብ ሁላችንም ራሳችንን ዳሰስን።) በዚህ ዐይነት በ1937 ከባልደረባው ጋር የአካላትን ካርታ በአንጐል ላይ ሠርቶ አሳየ። በካርታው ላይ አውራ ጣትና ከንፈር ሰፊ ርስት ሲኖራቸው ጀርባ ግን ጥቂት ብቻ ነው ያለው። መንቀጥቀጡም ብዙ ጊዜ ከጣትና ከአፍ ጫፍ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። የቀኙ የአንጐል ክፍል ግራውን አካል፥ የግራው ደግሞ ቀኙን ያዝዛል። እንግዲህ የጓደኛችን የግራ አውራ ጣት ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚዘለው፥ በቀኝ አንጐሏ ላይ የአውራ ጣት ርስት በሆነችው ስፍራ ላይ አንድ ነገር ስላለ ነው።

ያ አንድ ነገር ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ እናት ማሕፀን መግባት አለብን።

የአንጐል የላይኛው ቅርፊት ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሚወፍር ሲሆን፥ በአብዛኛው ስፍራ የነርቭ ሴሎች በስድስት ድርብ ተደርድረው ይገኙበታል። እኛ የጌዴኦ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ አባቶቻችን ማሳ መመልከት ይበቃናል። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ምድር ላይ ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ሆኖ ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ እንሰቱ፥ በእንሰቱ መካከል ቡናው፥ ከሁሉም በታች ጎደሬውና ጎመኑ ይበቅላል። እያንዳንዱ በየድርቡ ስላለ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። አንጐልም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የነርቭ ሴሎች የሚወለዱት በሚቀመጡበት ድርብ ላይ ሳይሆን በአንጐል ውስጥ፥ ውሃ በሞላባቸው ክፍተቶች ዳር ነው። በተለይም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው የእርግዝና ወር ገደማ ሐረግ በእንጨት ላይ እንደሚወጣ ቀጭን ክር በመሰሉ ሴሎች ላይ እየተንጠላጠሉ ወደ ላይ ይጓዛሉ። ኋላ የተወለዱት ፊት የደረሱትን አልፈው ከበላያቸው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ጉዞ የሚፈጸመው እናቲቱ ውሃ ስትቀዳ፥ ቡና ስትለቅም፥ ገበያ ስትሄድ ነው፤ እርሷ ምንም አይታወቃትም።

አልፎ አልፎ ጉዞው ይሰናከላል። አንዳንድ ጊዜ ሴሎቹ መንገድ ላይ ይቀሩና ባልተገባ ስፍራ ክምር ይሆናሉ። አንዳንድ ጊዜ የአንጐሉ እጥፋት ይጠፋና ላዩ ለስላሳ ይሆናል፤ ወይም እጥፋቱ ከመጠን በላይ ይበዛና ይደቅቃል። ሌላው ዐይነት ደግሞ በ1971 በለንደን ቴይለር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የገለጠው ነው። እነርሱ በቀዶ ጥገና የወጣውን የአንጐል ቁራጭ በማጕሊያ መነጽር ሲመለከቱ፥ በአንዲት ጠባብ ስፍራ ላይ ድርቡ ፈርሶ፥ ሴሎቹ ከልክ በላይ ገዝፈውና ወዲያና ወዲህ ተዘበራርቀው አገኙ። የቀረው አንጐል ግን ደኅና ነበረ። ይህ ጉድለት ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ሆኖ ውስጡ ሲገቡ ቡናው፥ እንሰቱና ጎደሬው በአንድ ጕድጓድ የተተከለበትን ማሳ ይመስላል። የነርቭ ሴሎች በጥቃቅን ኤሌክትሪክ እየተነጋገሩ ስለሚሠሩ፥ የተዘበራረቀችው ስፍራ ያለ ጊዜዋ ኤሌክትሪክ ትተፋለች። ስፍራይቱ የጣት ርስት ላይ ከሆነች ጣት ይዘላል። ብልጭታው ጎረቤቱን ካዳረሰ ክንድና ፊት ይከተላሉ፤ አንጐሉን ሁሉ ካዳረሰ ደግሞ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንዳንድ በሽተኛ ላይም እጅ ወይም ከንፈር ብቻውን ለሰዓታት፥ አልፎም ለቀናት ሳያቋርጥ ይርገበገባል። ይህን የመጨረሻውን ኮዤቭኒኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገልጦታል፤ እኛ አላየነውም፥ ከማየትም ይሰውረን።

ክቡራን እናቶች፤ አሁን የምንናገረውን በተለይ እናንተ እንድትሰሙልን እንፈልጋለን። የጓደኛችን እናት ልጃቸው ከተመለሰችላቸው ቀን ጀምሮ ጎረቤት እየመጣ «ነፍሰ ጡር ሳለሽ ምን ረግጠሽ ነው?» «ከእናንተ ዘር ማን ነበረበት?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። እርሳቸውም ራሳቸውን ይመረምሩ ጀመር፤ ያልሠሩትንም ጥፋት ፈልገው አገኙ። ሆኖም በ2015 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጉድለት ካለባቸው ሕሙማን በቀዶ ጥገና የወጣውን የአንጐል ቁራጭ ሲመረምሩ፥ በአንዳንዶቹ ሴሎች ውስጥ ኤምቶር በሚባለው ጂን ላይ አንዲት ለውጥ አገኙ። የነዚያኑ ሕሙማን ደም ሲመረምሩ ግን ለውጡ በደማቸው ውስጥ የለም። የዚህ ትርጓሜ ምንድን ነው? ለውጡ ከአባትም ከእናትም አልመጣም፤ ፅንሱ ማደግ ከጀመረ በኋላ ሴሎች ሲከፋፈሉ በአንዲት ሴል ላይ የደረሰ ስሕተት ነው ማለት ነው። በርግጥ በሁሉም ላይ እንዲህ ነው አንልም። በዘር የሚተላለፍም አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ከሚይዝ ሕመም የሚመጣም አለ። ሆኖም እናቲቱ የረገጠችው ነገር ያመጣው አንድም የለም።

እንዲህ ያለው የአፈጣጠር ጉድለት ብዙ ሰው ላይ የሚገኝ አለመሆኑንም እናስረዳ። በአገራችን የሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው አስቸጋሪ ወሊድን፥ ማጅራት ገትርን፥ በራስ ላይ የሚደርስን አደጋና የመሳሰለውን ነው፤ ምክንያቱ ጨርሶ የማይታወቅም ብዙ ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ በሰው ዘንድ የሚደርስባቸው ነገር አንድ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ በየቤቱ እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መርምረው፥ 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አገኙ። ጥናቱ በ1990 ታትሟል። ይህ ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። ከነዚያም መካከል የታወቀውን የሐኪም መድኃኒት ወስዶ የሚያውቀው ከመቶ 1.6 ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሥር፥ ጠበልና ክታብ ይዘው ይኖሩ ነበር።

ይህን ቍጥር ይዘን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሠራን። ሁለት ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ዐሥር ያህል መኖር አለባቸው። እኛ የምናውቀው አንዷን ብቻ ነው። የቀሩት የት አሉ? አንዳንዶቹ ደብቀው ከኛ ጋር ተቀምጠዋል ብለን እናስባለን፤ ሌሎቹ ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ትምህርት ቤት በር አልደረሱም።

አሁን ስለ ክብሪቱ እንናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን እናምንበታለን። ክብሪት ሲጫር በሽተኛው ይነቃል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ባይጫርስ? መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያልቃል። ሰው እስኪደነግጥ፥ «ክብሪት!» ብሎ እስኪጮህ፥ ክብሪት እስኪፈለግ፥ እስኪጫር ሁለቱ ደቂቃ ያልፋል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ ያህል የጓደኛችን መንቀጥቀጥ ሲነሣ ክብሪት ሳንነካ ሰዓት ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ሦስቱም ጊዜ በራሱ ቆመ። ጭሱ የመድኃኒትነት ሥራ የለውም፤ ሊተነፍስ የሚታገለውን ሰው ግን ያፍነዋል፥ ፊቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

የእጇም ሽባነት ምስጢር የለውም። ቶድ የሚባል አየርላንዳዊ ሐኪም በ1849 እንደ ጻፈው፥ የአንጐሉ ስፍራ ከልክ በላይ ከሠራ በኋላ ይደክማል፤ በዚህም የተነሣ የታዘዘለት አካል ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ይዝላል፥ ከዚያም ይመለሳል። እኛ ሰይጣን ያልነው ድካም ነበር።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። እጇ ከተቃጠለ በኋላ አጎቷ ለቍስሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያ የነበሩት ነርስ ቍስሉን እያጠቡ «እሳት ውስጥ እንዴት ገባሽ?» ብለው ጠየቁ፤ ነገሩን በሙሉ ሰሙና ወደ ሆስፒታል ላኳት። የመረመሯት ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? «ከየት ይጀምራል?» የሚል ነበረ፤ የጃክሰን ጥያቄ! ሁልጊዜ ከግራ አውራ ጣት መሆኑን በሰሙ ጊዜ መድኃኒት አስጀመሯት፤ ደግሞም ቢቻል አዲስ አበባ ሄዳ ኤም.አር.አይ. በሚባለው መሣሪያ አንጐሏ እንዲታይ መከሩ። አጎቷ የዚያን ዓመት ቡናቸውን ሸጠው ወሰዷት። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለርሳቸው ግን መንገዱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፈረሱላ የሚቈጠር ሆነ። በሥዕሉ ላይ በቀኝ በኩል፥ እጅን በምታዝዘው ስፍራ ላይ፥ ከልደት በፊት የተዘበራረቀች አንዲት ትንሽ ቦታ ታየች። እንዲህ ያለችው ስፍራ እጅግ ትንሽ ስትሆን መሣሪያውም ሊያልፋት እንደሚችል ሐኪሙ ነግረዋቸዋል፤ የርሷ ግን ታየች። አጎቷ ሥዕሉን ይዘው ቡሌ በገቡ ጊዜ መጀመሪያ ያሳዩት ለእናቷ ነው። እናቷ ማንበብ አይችሉም፤ ያችን ነጥብ ግን በጣታቸው እየነኩ ረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ቀጥለውም «ይህች ብቻ ናት?» አሉ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፥ የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ፌኖባርቢታል በ1912 ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬም ይሰጣል፤ ከርሱ በኋላ እነ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን መጥተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢታከሙ ከመቶ ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ያለ መንቀጥቀጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከአንጐል የአፈጣጠር ጉድለት የሚመጣው ግን ከሌላው ይልቅ መድኃኒትን የሚቋቋም መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን። አንዳንዱ በሽተኛ ሁለት ሦስት ዐይነት መድኃኒት ተሞክሮለት አልመለስ ሲል፥ የተበላሸችው ስፍራ በቀዶ ጥገና ልትወጣ ትችላለች፤ ነገር ግን ስፍራይቱ የእጅ ማዘዣ ከሆነች እጁን ሽባ ላለማድረግ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጓደኛችን ከዚያ አልደረሰችም። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ተመልሳ እየተማረች ነው። ከዚያ ወዲህ ራሷን ስታ አልወደቀችም፤ አውራ ጣቷ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘላል። አንድ ጊዜ «ድኛለሁ» ብላ መድኃኒቱን በራሷ ሥልጣን ለአምስት ቀን አቋረጠችና በስድስተኛው ቀን ክፉኛ አመማት። መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ መንቀጥቀጡ በርትቶ የሚመለስ ስለሆነ፥ ሐኪሙ ሳያዝ መቀነስም ማቆምም አይገባም። ጸሎቱን የሚጸልይ ይጸልይ፤ ጠበሉንም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክኒኑ ግን በሰዓቱ ይዋጥ። የርሷም ቤተ ሰቦች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ረቂቁን ለርሷ አንብበንላት ነበር። በሳይንሱ ላይ ብዙም አልተናገረችም። አንድ ነገር ግን እንድናርም አዘዘችን። እኛ «ምንም ሳታውቅ ትንቀጠቀጥ ነበር» ብለን ጽፈን ነበርና «ውሸት ነው» አለችን። «ጣቴና ክንዴ ብቻ ሲንቀሳቀስ ሁሉን እሰማለሁ። በዚያን ቀን ከመውደቄ በፊት ማን እንደ ሳቀ፥ ማን ‹ሰይጣን ነው› እንዳለ፥ ማን ቦርሳውን አንሥቶ እንደ ሮጠ አውቃለሁ። መናገር ግን አቃተኝ።» ይህን ካለችን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ከመካከላችን የሳቀውም፥ ሰይጣን ያለውም፥ የሮጠውም ነበረና።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ፥ መጀመሪያ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። የሚንቀጠቀጠው ጣት ወይም ክንድ ብቻ ከሆነና ልጁ ነቅቶ ካለ፥ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ክንዱን አትጫኑት፤ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግሩት፤ መልስ ባይሰጣችሁም ይሰማል። ከወደቀ ከእሳት፥ ከድንጋይና ከጠረጴዛ ማዕዘን አርቁት፤ ከራሱ ሥር ሹራብ ወይም ነጠላ አድርጉ፤ የአንገቱን ቍልፍ ፍቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ማስመሪያ ወይም ጣታችሁን አታስገቡ፤ ምላስ አይዋጥም። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፤ አረፋው በራሱ ይወጣል፤ አረፋውም አይጋባም። ጨርሶ እስኪነቃ ድረስ ውሃም ቡናም አትስጡት። 5 ደቂቃ ካለፈ፥ ወይም ሳይነቃ ሁለተኛ ከተነሣበት ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ወላጆችም እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ከክፍት ምድጃ፥ ከወንዝ ዳርና ከዛፍ ላይ እንድትጠብቁት፥ ከትምህርት ቤት ግን እንዳታስቀሩት እንለምናለን። ክፍላችንም አንድ ነገር ወስኗል፤ ይኸውም ጓደኛችን በምትቀመጥበት ወንበር ላይ በየሳምንቱ አንዳንዳችን በተራ አብረናት እንድንቀመጥና ሰዓት እንድናስር ነው። እርሷ ይህን በሰማች ጊዜ «ሰዓቱን እሰሩ፤ ግን የሒሳብ የቤት ሥራዬን አትገልብጡ» ብላናለች። በሒሳብ ከኛ እርሷ ትበልጣለች።

ከዚህ በላይ አናስቈያችሁም። አሁን ሁለት የክበባችን አባሎች ወደ መድረኩ ይወጣሉ። አንደኛው እንደ ወደቀ ሆኖ ይተኛል፤ ሁለተኛዋ በጎኑ እንዴት እንደሚገለበጥ ታሳያችኋለች። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወላጆች በደንብ እንዲታያችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ። ክብሪት የያዘ ሰው ካለ ኪሱ ውስጥ ይተወው።